ባልንም የሚያስተናግድ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል

ከባለቤቴ ጋር በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ያገኘነው የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት፣ ብዙዎቻችን ወንዶች «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለን ከደጅ የምንቀርበትን ክፍል ከውስጥ ስላሳየኝ ምስጋና ይገባዋል። ነርሷ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የ3 ዓመት መከላከያ በእጃቸው ይዘው እያሳዩን፣ የወር አበባን ሊያዛባ እንደሚችል፣ ያን ጊዜም ባል ሚስቱን «አስወጪው» ብሎ ከማስጨነቅ ይልቅ አብሯት ለምክር እንዲመጣ በትዕግሥት አስረዱን። ስለ ቫዜክቶሚ፣ ማለትም ወንዱ ልጅ እንዳይወልድ ስለሚደረግለት ቀላል ቀዶ ሕክምና፣ ስጠይቃቸውም የወንድነት አቅምን እንደማይቀንስ፣ ነገር ግን ዘላቂ በመሆኑ በሚገባ ሊታሰብበት እንደሚገባና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለ3 ወር ያህል ሌላ መከላከያ እንደሚያስፈልግ ገለጹልኝ። ቅር ያሰኘኝ ክፍሉ በሥራ ሰዓት ብቻ መከፈቱ ነው፤ በቀን ሥራ የሚተዳደር አባወራ የዕለት ገቢውን ትቶ መምጣት ስለሚቸግረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ቢሠራ እጅግ ይጠቅማል።