መርትል ቢች ወይስ ፓይንኸርስት? ለሁለት ሰው የጎልፍ ጉዞ፣ ሂሳቡ ከነዝርዝሩ

«ለጎልፍ ወደ አሜሪካ ደቡብ ልንወርድ ነው፤ መርትል ቢች ይሻላል ወይስ ፓይንኸርስት?» ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ደወለልኝ። አንዱማ ሊከፍል ካርዱን በእጁ ይዞ ነበር። አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው።

መልሴን አላቆየውም። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ፓይንኸርስት አካባቢ ሂዱ። «አካባቢ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ብዙ ብር የምታተርፈው እሷ ናት።

ሁለቱንም ቦታ ያየሁት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው። የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። እሱ ኡበር ይነዳል፣ እኔ በሰዓት የሚከፈለኝ ሠራተኛ ነኝ። ካልሠራን አይከፈለንም። ስለዚህ ለእኛ የጉዞ ዋጋ ሆቴልና ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ከሥራ የቀረንበት ቀንም ይቆጠራል። ይህን የሚደምር ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም።

መጀመሪያ የሄድነው መርትል ቢች ነው፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ በጁላይ መጨረሻ። የፓኬጁ ማስታወቂያ አራት ሌሊት፣ አራት ዙር (አንዱ ዙር 18 ጉድጓድ ነው)፣ በሰው 489 ዶላር ይላል። ርካሽ ነው ብለን ዘለን ገባን። ከዚያ መጨመር ጀመረ። በሁለት ሜዳዎች ካርት (ሜዳ ላይ የሚነዳው ትንሽ መኪና) አልተካተተም ተባልን፤ 25 እና 25 ከፈልን። ካሌዶኒያ የሚባለውን ሜዳ ለመጫወት ሌላ 60። የሪዞርት ክፍያና ታክስ 72። ለኳስ 45 አወጣሁ። የቤንዚን ድርሻዬ 70 ሆነ። ሲደመር 786 ዶላር መጣ። ምግብ አልገባበትም። ለአራት ስናካፍለው አንዱ ዙር 196 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው።

እሱ ባልከፋ። ከመሄዳችን ሁለት ቀን ሲቀረው ፓኬጁን የሸጠልን ድርጅት አንዱን ሜዳ ቀየረብን። ውሉ ውስጥ «ወይም ተመጣጣኝ ሜዳ» የምትል ሐረግ አለች፤ አላነበብናትም ነበር። የተቀየረው ሜዳ ስንደርስ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ሁሉ ተበስቷል። እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆኗል፤ ላዩ ላይ አሸዋ ተነስንሷል። ጓደኛዬ ከአንድ ሜትር የማይሞላ ፑት (ወደ ጉድጓዱ ማንከባለል ነው) ሲመታ ኳሷ ቀዳዳ ለቀዳዳ እየዘለለች ጉድጓዱን አልፋ ሄደች። ኪሱ ውስጥ ከቷት «ይሄን ከፍለን ነው?» አለኝ።

ግሪን መብሳት ጥፋት አይደለም። በደቡቡ የሚበዛው ቤርሙዳ የሚባለው ሣር ሙቀት ወዳድ ነው። ሥሩ አየር እንዲያገኝ በሙቀቱ ወራት ይበሱትና አሸዋ ያለብሱታል። ቁስሉ እስኪሽር ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ጥፋቱ ሳይነግሩን ሙሉ ዋጋ መቀበላቸው ነው። ቅናሽ ጠየቅን። ሜዳው «የከፈላችሁት ለፓኬጁ ድርጅት ነው» አለን። ድርጅቱ «ሜዳውን ጠይቁ» አለን። አንድ ዶላር አልተመለሰም።

ሌላው ውሃው ነው። መርትል ቢች ባሕር ዳር ያለ ዝቅተኛና ረግረጋማ መሬት ነው። ሜዳዎቹ ሲሠሩ ኩሬ በየቦታው ተቆፍሯል፤ አንዳንዱ ዳር አዞ ተኝቶ ታያላችሁ። ስለዚህ ኳስ ይበላል። በአራት ዙር እኔ 19 ኳስ ጣልኩ፣ ጓደኛዬ 23። ጥሩ የሚባለው ኳስ ደርዘኑ 50 ዶላር ያልፋል፤ አንዷ ኳስ ከአራት ዶላር በላይ ማለት ነው። እኔ ያን ሸሽቼ ነው ያገለገለ ኳስ በ45 የገዛሁት። በእሱም ተታለልኩ። ያገለገለ ኳስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከውሃ ወጥቶ ታጥቦ ብቻ የሚሸጥ ነው፤ እሱ ምንም አይልም። ሁለተኛው «ሪፊኒሽድ» የሚባለው ነው። የድሮው ቀለም ተገፎ አዲስ ተቀብቶ፣ የፋብሪካው ስም እንደገና ታትሞበት ይመጣል። ከሩቅ ሲታይ አዲስ ነው። አንዴ በዌጅ፣ ለአጭር ምት በሚሆነው ዱላ፣ ስትመቱት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይላጣል። የኔዎቹ እነዚህ ነበሩ። ሳጥኑ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ካሌዶኒያን ግን ምስጋና አልነፍገውም። በ1994 የተከፈተ የሜዳ ነዳፊው የማይክ ስትራንትዝ ሥራ ነው። ቦታው ድሮ በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚያርሱት የሩዝ እርሻ ነበር። ዛሬ መግቢያው ላይ ትልልቅ የኦክ ዛፎች ግራና ቀኝ ቆመው ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፋቸው ይንጠለጠላል። ያች 60 ዶላር አላስቆጨችኝም። መንገድ ተሻግሮ ትሩ ብሉ የሚባል የዚሁ ሰው ሌላ ሜዳ አለ። የግድ መርትል ቢች ከሄዳችሁ ሁለቱን ብቻ ተጫውታችሁ ተመለሱ።

አሁን ወደ ፓይንኸርስት፣ ኖርዝ ካሮላይና። ስሙ ያስፈራል። ጄምስ ዎከር ተፍትስ የሚባል ሰው በ1895 የመሠረተው ሪዞርት ነው። «ቁጥር 2» የሚባለውን ሜዳ የሜዳ ነዳፊው ዶናልድ ሮስ በ1907 ሠራው። ትልቁ የጎልፍ ውድድር፣ የአሜሪካ ኦፕን፣ በ1999፣ በ2005፣ በ2014 እና በ2024 እዚያ ተካሂዷል። ጎልፈኛው ብራይሰን ዴሻምቦ በ2024 በመጨረሻው ጉድጓድ ከሩቅ ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) አውጥቶ ያሸነፈበት ሜዳ ይኸው ነው። ቁጥር 2ን ለመጫወት አብዛኛውን ጊዜ ሪዞርቱ ውስጥ ማደር አለባችሁ፤ ከፓኬጁ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ሰው ይህን ዋጋ ያይና «የሀብታም ቦታ ነው» ብሎ ወደ መርትል ቢች ያዞራል። እኔም የመጀመሪያውን ጊዜ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

አካባቢ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ዶናልድ ሮስ ኑሮውን እዚያው አድርጎ በ1948 እዚያው ነው የሞተው። እጁ ያረፈው ቁጥር 2 ላይ ብቻ አይደለም። ሚድ ፓይንስን በ1921፣ ፓይን ኒድልስን በ1928 ሠርቷል። ሁለቱም የየራሳቸው ማረፊያ ያላቸው ሪዞርቶች ናቸው፤ መንገድ ነው የሚለያቸው። የሴቶች አሜሪካ ኦፕን አራት ጊዜ፣ በ1996፣ በ2001፣ በ2007 እና በ2022፣ የተካሄደው ፓይን ኒድልስ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ሳውዘርን ፓይንስ የሚባለው ሌላው የሮስ ሜዳ አለ። እነዚህን ለመጫወት ትልቁ ሪዞርት ማደር አያስፈልጋችሁም። ያው እጅ፣ ያው አሸዋ፣ ያው ጥድ፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

በዲሴምበር መጀመሪያ ሄድን። ሞቴል ለሁለት ሌሊት 216 ዶላር፣ የእኔ ድርሻ 108። ሦስቱ ሜዳዎች ካርትን ጨምሮ 425። ክሬድል የምትባለው ባለ 9 ጉድጓድ አጭር ሜዳ 50። እሷ የትልቁ ሪዞርት ናት፤ ሁሉም ጉድጓድ ተደምሮ 789 ያርድ ብቻ ነው። ቤንዚን 45። ጠቅላላ 628 ዶላር። ክሬድልን እንደ ዙር ሳንቆጥር ጠቅላላው ለሦስት ዙር ሲካፈል አንዱ 209 ይመጣል።

ልብ በሉ፣ በዙር ካሰባችሁት ፓይንኸርስት በ13 ዶላር ገደማ ይበልጣል። አልደብቅም። ከኪሴ የወጣው ግን በ158 ዶላር ያንሳል። ደግሞ መርትል ቢች አምስት ቀን ወስዶብናል፣ ይህ ሦስት። ሁለት የሥራ ቀን ተረፈን። መንገዱም ቢሆን መርትል ቢች ሰባት ሰዓት ነው፣ ይህ አምስት ሰዓት ተኩል። በ95 አውራ ጎዳና ፍሬድሪክስበርግ ላይ ትራፊክ የያዘው ሰው የአንድ ሰዓት ተኩልን ዋጋ ያውቃል።

ኳስ? አራት ጣልኩ። አገሩ አሸዋ ነው። ዝናብ ቢዘንብ ወዲያው ይሰርጋል፤ ኩሬው ጥቂት ነው። ከፌርዌይ (ከመሃሉ የታጨደ ሣር) የወጣች ኳስ አሸዋና ደረቅ ሣር መሃል ቁጭ ብላ ትጠብቃችኋለች። ፈተናው ግሪኑ ላይ ነው። ሳውዘርን ፓይንስ ላይ ከግሪኑ ሥር ሆኜ ቺፕ (አጭር፣ ኳሷን ከፍ የሚያደርግ ምት) መታሁ። ኳሷ ወጣች፣ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆም አለች፣ ቀስ ብላ ዞራ እግሬ ሥር መጣች። ደገምኩት፤ ያው። ጓደኛዬ መጥቶ ፑተሬን አቀበለኝ። በፑተር መሬት ለመሬት ገፋኋትና ጉድጓዱ አጠገብ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ቨርጂኒያም ስጫወት እንዲህ ያለ ቦታ ዌጅ አላወጣም።

የዲሴምበርን ችግር ደግሞ ልንገራችሁ። ሣሩ ቢጫ ነው፤ ቤርሙዳ በብርድ ይተኛል። ፎቶ ላይ አያምርም፣ ኳስ ግን በደንብ ይንከባለልበታል። ጠዋት ውርጭ ካለ እስኪቀልጥ ማንም አይገባም። እኛን ቅዳሜ አንድ ሰዓት ከሩብ አስጠብቀውናል። ከሰዓት ደግሞ ቶሎ ይመሻል። ሌላው ምግብ ነው። የነቢያት ጾም ነበር፣ ጓደኛዬ ይጾማል። ሞቴሉ ማይክሮዌቭ ብቻ ነው ያለው። መርትል ቢች የተከራየነው አፓርትማ ሙሉ ኩሽና ስለነበረው በየማታው ሠርተን በልተናል። እዚህ እንጀራና ሽሮ በማቀዝቀዣ ይዘን ሄድን፤ ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ በሶ በጠበጥን። ስምንት ሰው ሆናችሁ ቤት ተከራይታችሁ፣ ቤተሰብም ባሕር ዳር እንዲውል ከፈለጋችሁ መርትል ቢች ያዋጣችኋል። ለሁለት ሰው ግን አይደለም።

ቁጥር 2ን አልተጫወትንም። ቅዳሜ ማታ ግን ሄደን አስራ ስምንተኛው ግሪን ጀርባ ቆመናል። በ1999 ያሸነፈው የፔይን ስቱዋርት ሐውልት፣ ቡጢውን ወደፊት ሰንዝሮ፣ እዚያ ነው። ለማየት ማንም ገንዘብ አልጠየቀንም። ስትራንትዝን ለወደደም፣ ወደ ቨርጂኒያ ስትመለሱ ሳንፎርድ አጠገብ ቶባኮ ሮድ የሚባለው ሜዳው አለ። የስትራንትዝን ሥራ ለማየት ብላችሁ ባሕር ድረስ አትንዱ።

አንድ ነገር ከሜዳ ምርጫው በላይ ይቆጨኛል፤ ድራይቨሬ፣ ለረጅሙ ምት የሚሆነው ዱላ። መርትል ቢች ከመሄዴ በፊት ኢንተርኔት ላይ ከግለሰብ ገዛሁ። ሱቅ ከ500 ዶላር በላይ የሚሸጠውን በ180። «አንዴ ብቻ የተመታበት» ይላል። ሦስተኛው ዙር፣ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ መታሁ። «ቀጭ» አለ። እጄ ላይ ዘንጉ ብቻ ቀረ፤ ጭንቅላቱ ከፊቴ ሃያ እርምጃ ርቆ ሣር ውስጥ ወድቋል። የቀረውን «ሦስት ቁጥር እንጨት» በሚባለው፣ ከድራይቨር በሚያንሰው ዱላ ጨረስኩ።

ቤት ስመለስ ዱላ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። 45 ዶላር ይሆናል ብሎ ነበር። ከዚያ ከመሳቢያው ማግኔት አወጣና ጭንቅላቱ ላይ አስጠጋው። ልጥፍ አለ። የእውነተኛው ጭንቅላት ታይታኒየም ነው፤ ታይታኒየምን ማግኔት አይዝም። የኔው ተራ ብረት ነው፣ የታወቀ ስም የተጻፈበት ኮፒ። ሙጫውን አሳየኝ፤ እንደ ደረቀ ፓስታ ይፈረፈራል። «ብጠግነውም ሌላ ቦታ ይሰበራል፣ ሰው ይጎዳል» ብሎ 45ቱን ሳይቀበል መለሰኝ። አሁን የምመታው ሁለት ዓመት ያለፈበት ሞዴል ነው። እውነተኛነቱን አይቶ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ በ210 ገዛሁት። ያገለገለ ድራይቨር ስትገዙ ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። የምትፈትሹት ግን ሰፊውን አካል ነው፤ ሥሩ ያለው የክብደት ቡሎን ከሌላ ብረት ስለሚሠራ ማግኔት ቢይዘው አትደንግጡ።

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሜዳዎቹን ራሳቸውን በስልክ ደውሉ። የፓኬጁን ሻጭ አይደለም። ግሪኑ የሚበሳው መቼ ነው? ካርት ዋጋው ውስጥ አለ? ሜዳው ቢቀየር ገንዘቤን ማን ይመልሳል? ስልኩን የሚያነሱት ልጆች ይነግሯችኋል፤ የሚደብቁት ነገር የለም።

ያ ካርዱን በእጁ ይዞ የደወለልኝ ወዳጄ መርትል ቢችን ነበር የመረጠው። አራት ናቸው፣ ባሕሩንም ፈልገዋል። አልተከራከርኩትም። ደውለህ የመብሻውን ቀን ጠይቅ ብቻ አልኩት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልሶ ደወለ። ከሜዳዎቹ አንዱ ግሪኑን የሚበሳው እነሱ በሚደርሱበት ሰኞ ነበር። ጉዞውን በሦስት ሳምንት ገፍተውታል።