በጊብ ሪቨር ኮረኮንች ላይ ለደረሱልን መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሐምሌ በልጆቹ የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ የሥራ ፈቃድ ጨምረን፣ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) እየጎተትን ከፐርዝ ተነስተን ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ገደልና ፏፏቴ ወደሞላበት የኪምበርሊ ምድር ተጉዘን ነበር። ይህን የምጽፈው በዚያ መንገድ ላይ ከጭንቅ ያወጡንን አንድ አዛውንት መካኒክ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ወደዚያ ለመሄድ ላሰባችሁ ወገኖች እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው በይፋ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩትም፤ ለመሄድ የቆረጠ ሰው በግል ቢጠይቀኝ ግን አገናኘዋለሁ።

መንገዱን ለማታውቁት፣ የጊብ ሪቨር መንገድ ከደርቢ ተነስቶ እስከ ኩነናራ አቅራቢያ ድረስ ወደ 660 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ በመጀመሪያ የቀንድ ከብት ከየእርባታው ወደ ወደብ ለማጓጓዝ የተሠራ፣ አብዛኛው ኮረኮንች የሆነ መንገድ ነው። በዝናቡ ወራት ወንዞቹ ስለሚሞሉ ይዘጋል። እኛ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምንም አልገጠመንም። ሌናርድ ወንዝ የናፒየርን የኖራ ድንጋይ ሰንሰለት ሰንጥቆ ያወጣውን የዊንጃና ገደል አየን፤ ግድግዳው ከ350 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ውስጥ ሪፍ (የባሕር ፍጥረታት የገነቡት የድንጋይ ግድግዳ) እንደነበር ለልጆቹ ስናስረዳ፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው አማቴ አሸዋው ላይ ከተንጋለሉት አዞዎች ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። በማግስቱም በባትሪ ብርሃን፣ አንዳንዴም በውሃ ውስጥ እየተራመድን የተነል ክሪክን 750 ሜትር ዋሻ አቋረጥን። ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቡኑባ ሕዝብ አርበኛ ጃንዳማራ እ.ኤ.አ. በ1897 የተገደለው እዚያ ነው፤ አድዋ ድል በሆነ በዓመቱ መሆኑ ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ወጥተን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተራራው ስንወጣ ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ወርደን ስናይ የካራቫኑ የግራ ጎማ ወደ ውስጥ ዘምሞ ከመሀሉ ጭስ ይወጣል። ስልክ አይሠራም። በመኪናችን ዩኤችኤፍ ሬዲዮ፣ ሹፌሮች ሁሉ በሚያዳምጡት በ40ኛው ቻናል ደጋግመን ስንጣራ አንድ የከብት መኪና ሹፌር ሰማንና መልእክታችንን አደረሰልን። ከሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ እኚህ መካኒክ ደረሱ።

ክሪካቸውን ከማውረዳቸው በፊት አማቴ ጥላ ሥር መቀመጧንና ልጆቹ ውሃ መጠጣታቸውን ጠየቁ። ቀጥሎም ለጉዟቸው በኪሎ ሜትር ስንት እንደሚያስከፍሉ፣ ለሥራው ደግሞ በሰዓት ስንት እንደሆነ በግልጽ ነገሩን። ጎማውን ሲፈቱት የውጪው ኩሽኔታ ተፈርክሷል፤ ግሪሱም ወተት የተቀላቀለበት ይመስል ነጥቷል። ነገሩን ያስረዱን እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው ነው። ረጅም መንገድ የመጣ ኩሽኔታ ይግላል፤ በዚያ ግለቱ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዝና ውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር፣ የመከለያው ጎማ ጥቂት እንኳ ካረጀ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ወንዝ ሳይሻገሩ ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ፣ በየዕረፍቱም የጎማውን መሀል በእጅ እየዳሰሱ ከሌሎቹ የበለጠ የጋለ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ከመነሳታችን በፊት ካራቫኑን ፈትሾ «ምንም አይላችሁም» ብሎ የሸኘን ጋራዥ ይህንን አልነገረንም፤ የመከለያውን ጎማም አልቀየረውም። እሳቸው ግን ያንን ጋራዥ አንዲት ቃል አልወቀሱም፤ የተናደድኩት እኔ ነኝ።

እየሠሩ ሳለ የተራሮቹን ስም ጠየቅኳቸው። እስከ 2020 ድረስ በቤልጂየሙ ንጉሥ በሊዮፖልድ ይጠሩ እንደነበር፣ አሁን ግን በነባሮቹ ሕዝቦች ቋንቋ ውናሚን ሚሊውንዲ እንደተባሉ ነገሩኝ። ኮንጎን ያስለቀሰው ሰው ስም እስከዚያ ድረስ መዝለቁን ባለቤቴ ማመን አቃታት።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን በመጨረሻው ምክራቸው ነው። አዲሱን ኩሽኔታ ከገጠሙ በኋላ የዘንጉ ጫፍ በሙቀቱ መጎዳቱን በጣታቸው እያስዳሰሱ አሳዩኝና፣ ቀስ ብለን ከሄድን ደርቢ እንደሚያደርሰን፣ በመንገዱ ምሥራቃዊ ጫፍ አካባቢ እስካለው ፔንቴኮስት ወንዝ ድረስ ግን እንደማይወስደን ነገሩኝ። «ቀጥሉ» ቢሉኝ እቀጥል ነበር፤ ደግሞም ብሰበር ተመልሼ የምጠራው እሳቸውን ስለሆነ ሁለተኛ ገቢ ነበራቸው። ይልቁንም ካራቫኑን ያለ ኪራይ ግቢያቸው አስቀምጠው፣ ድንኳን ብቻ ጭነን የቀረውን በመኪናችን እንድናይ መከሩን። እንደተባልነውም በቤል ገደል ፏፏቴ ሥር ዋኘን፤ ማኒንግ ገደል ለመድረስ ደግሞ በገመድ እየሳቡ በሚሻገሩባት ትንሽ ጀልባ ወንዙን አለፍን። አማቴ ድንኳን ውስጥ ማደሩን ከካራቫኑ ይልቅ ወደደችው። ፔንቴኮስትን ሳናይ ተመለስን፤ እስከ ደርቢ ድረስም ካራቫኑ ምንም አላለም።

እሳቸውን ለምትፈልጉ፦ በደረቁ ወቅት ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ፤ የኩሽኔታችሁን መጠንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ዕቃው እጃቸው ላይ ከሌለ ማስመጣቱ ቀናት ይወስዳል። ዋጋቸው ፐርዝ ከለመድነው ብዙም አይርቅም፤ የሚከብደው የርቀቱ ሒሳብ ነው፤ እሱም ተገቢ ነው። አማቴ በስንብት ጊዜ የገብስና የሽምብራ ቆሎ በፌስታል ሰጥታቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ለምስጋና ስደውል ስለ ካራቫኑ ከመጠየቃቸው በፊት «ያ ጥብስ እህል አለቀብኝ» አሉኝ፤ የምትሄዱ ካላችሁ ትንሽ ያዙላቸው።