የሚመዘነው የሚከፍልበት ሚዛን፦ የብድር ደረጃ አሰጣጥ አገልግሎት ሲገመገም

የብድር ደረጃ አሰጣጥ የሚባለው አገልግሎት ከሌሎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ የሚጠቀምበት ሰው አይከፍልበትም፣ የሚከፍልበት ደግሞ በአገልግሎቱ የሚመዘነው ወገን ነው። ቦንድ ለመሸጥ የተነሣ ኩባንያ፣ ባንክ ወይም መንግሥት ለሙዲስ፣ ለስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ ወይም ለፊች ይከፍላል፤ እነሱም ሒሳቡን መርምረው ብድሩ በወቅቱ የመመለስ ዕድሉን በጥቂት ፊደላት ይገልጻሉ። ከከፍተኛው ከትሪፕል ኤ (AAA) ተነሥቶ እንደ ድርጅቱ እስከ ሲ ወይም እስከ ዲ የሚወርደው ይህ መሰላል ለጡረታ ፈንዶች፣ ለመድን ድርጅቶችና ለባንኮች የትኛውን ሰነድ መግዛት እንደሚችሉ የሚወስን ድንበር ሆኖ ኖሯል። ከደመወዙ ለጡረታ የሚቆረጥበት ሠራተኛ ሳያውቀው የዚህ አገልግሎት ተጠቃሚ ሊሆን ስለሚችል፣ አገልግሎቱ ምን ቃል እንደሚገባና ቃሉን ምን ያህል እንደሚጠብቅ እንደማንኛውም ለገበያ የቀረበ ነገር መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገልግሎቱ ለአንባቢ የሚደርሰው በሪፖርት መልክ ነው። መጀመሪያ ላይ ፊደሉ ይቀመጣል፤ ከእሱ ጎን የወደፊቱ አዝማሚያ የተረጋጋ፣ አዎንታዊ ወይም አሉታዊ መሆኑ ይገለጻል፤ ቀጥሎ ምክንያቱ ይተነተናል፤ ከዚያም ደረጃውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊወስዱት የሚችሉ ሁኔታዎች ይዘረዘራሉ። በእኔ ግምት የሪፖርቱ ጠቃሚ ክፍል ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ተንታኙ ምን እንደሚያሰጋው በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድደዋል። ፊደሉን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው ከአገልግሎቱ ዋናውን ነገር ሳይወስድ ይቀራል። ከሁሉ በታች በጥቃቅን ፊደላት የተጻፈ ረጅም ማሳሰቢያ ይከተላል፦ ደረጃው አስተያየት እንጂ ግዙ፣ ያዙ ወይም ሽጡ የሚል ምክር አይደለም ይላል። ድርጅቶቹ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ሲከሰሱም ለረጅም ጊዜ የተከላከሉት ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብትን በመጥቀስ ነበር። ነገር ግን ከ1975 ጀምሮ የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ነዋዮች ኮሚሽን በይፋ ዕውቅና ከሰጣቸው ድርጅቶች የሚወጡትን ደረጃዎች በደንቡ ውስጥ መለኪያ አድርጎ አስገብቷቸዋል። የአንድ የግል ድርጅት አስተያየት የደንብ ጉልበት ሲያገኝና ባለቤቱ ግን ለስሕተቱ እንደ ማንኛውም ሐሳብ ሰጪ ሳይጠየቅ ሲቀር፣ ገና ከጅምሩ የሥልጣንና የተጠያቂነት ሚዛን የተዛባ መሆኑ ይታያል።

የአከፋፈሉ ሥርዓት ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የሙዲስ መሥራች ጆን ሙዲ በ1909 የባቡር ኩባንያዎችን ቦንዶች በደረጃ መድቦ ባሳተመ ጊዜ ዋጋውን የከፈለው መጽሐፉን የገዛው አንባቢ ነበር፤ ይህም አሠራር ስድሳ ዓመታት ያህል ዘልቋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ክፍያው ከአንባቢው ወደ ቦንድ ሻጩ ዞረ። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የፎቶኮፒ ማሽን መስፋፋት ነው፤ አንድ ደንበኛ የገዛውን መረጃ ለአሥር ሰው አባዝቶ ማደል ከቻለ የሚከፍለው ሰው ቁጥር ያንሳል። ሌላው በ1970 ፔን ሴንትራል የተባለው የባቡር ኩባንያ ብድሩን ሳይከፍል መክሰሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ የደነገጡ ገዢዎችን ለማረጋጋት ሻጮቹ ራሳቸው የምስክር ወረቀት ፈላጊ ሆኑ። ኢኮኖሚስቶች የገበያ ጉድለት ብለው ከሚጠሯቸው ሁለቱ እዚህ ላይ ተገናኝተዋል። አንደኛው ጆርጅ አከርሎፍ በዚያው በ1970 ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ ያብራራው ነው፦ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ደህናው ዕቃ ተገቢ ዋጋውን ስለማያገኝ ከገበያው ይወጣል። ሁለተኛው ይህን የዕውቀት ክፍተት የሚሞላው መረጃ አንዴ ከወጣ በኋላ ያልከፈለውን ሰው ከልክሎ መያዝ የማይቻል መሆኑ ነው። ገበያው ሁለተኛውን ጉድለት የፈታው ሒሳቡን ለተመዛኙ በማስከፈል ሲሆን፣ በዚህም ሦስተኛ ጉድለት፣ ማለትም የጥቅም ግጭትን፣ ከፍቷል።

ይህ ማለት አገልግሎቱ በሁሉም ቦታ ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለም። ሒሳባቸው በኦዲተር የሚመረመርና የብዙ ዓመታት የብድር ታሪክ ላላቸው ተራ ኩባንያዎች የሚሰጠው ደረጃ በአመዛኙ የሚታመን ነው፤ ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው ኩባንያዎች ዝቅ ያለ ካላቸው ይልቅ ዕዳቸውን ሳይከፍሉ የሚቀሩት በጣም አልፎ አልፎ ነው። በዚህ በኩል ስስትም አለ፤ ከአሜሪካ ኩባንያዎች ውስጥ ከስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ ትሪፕል ኤ ይዘው የቆዩት ማይክሮሶፍትና ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ናቸው። እርግጥ ኤንሮን የተባለው የኃይል ኩባንያ ዲሴምበር 2 ቀን 2001 መክሰሩን ከማወጁ አራት ቀናት በፊት ድረስ ለኢንቨስትመንት ብቁ የሚል ደረጃ ነበረው፣ ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክም በከሰረበት ዕለት ማለዳ እንዲሁ። ሆኖም ሒሳቡን ሆን ብሎ የሚያጭበረብር ወይም በአንድ ሌሊት ገንዘብ የሚነጥፍበት ተቋም ለማንኛውም መርማሪ ይከብዳልና በእነዚህ ብቻ አገልግሎቱን መኮነን ሚዛናዊ አይሆንም።

አገልግሎቱ በእርግጥ የወደቀው ከቤት ብድር በተሠሩት ሰነዶች ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል። በሺህ የሚቆጠሩ የቤት ብድሮች በአንድ ቋት ይሰበሰቡና ከእነሱ የሚገኘው ክፍያ ንጣፍ ልንላቸው ለምንችል፣ ለየብቻ ለሚሸጡ ክፍሎች በቅደም ተከተል ይደለደላል፤ የላይኛው ንጣፍ መጀመሪያ ይከፈለዋል፣ የታችኛው ንጣፍ ኪሳራውን ቀድሞ ይሸከማል። የላይኛው ትሪፕል ኤ ሲያገኝ፣ ከበታቹ ያሉት ደከም ያለ ደረጃ ስለሚሰጣቸው ገዢ ያጣሉ። ስለዚህ ከብዙ ቋቶች የተረፉት እነዚህ ደካማ ንጣፎች እንደገና በሌላ ቋት ይሰበሰባሉ፣ እንደገናም ይነጠፋሉ፤ በአሜሪካ ኮንግረስ የተቋቋመው የፋይናንስ ቀውስ አጣሪ ኮሚሽን በ2011 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ ከዚህ ሁለተኛ ቋት 80 በመቶ የሚሆነው ትሪፕል ኤ ይሰጠው ነበር። ይህ ሒሳብ የሚሠራው በአንድ ግምት ላይ ብቻ ነው፦ በተለያዩ ግዛቶች ያሉ ተበዳሪዎች በአንድ ጊዜ ክፍያ አያቋርጡም፣ የቤት ዋጋም በአገር ደረጃ በአንድነት አይወርድም የሚል። የቤት ዋጋ ከ2006 በኋላ በአገር ደረጃ መውረድ ሲጀምር ግምቱም ሰነዶቹም አብረው ወደቁ።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በዚያው ሪፖርት መሠረት ሙዲስ ብቻውን ከ2000 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከቤት ብድር ጋር ለተያያዙ ወደ 45,000 ለሚጠጉ ሰነዶች ትሪፕል ኤ ሰጥቷል፤ በ2006 በእያንዳንዱ የሥራ ቀን 30 ሰነዶች ይህን ማኅተም ያገኙ ነበር። በዚያ ዓመት ትሪፕል ኤ ከተባሉት ውስጥ 83 በመቶዎቹ በኋላ ደረጃቸው ዝቅ ተደርጓል። በ2010 መጀመሪያ ላይ ይህን ደረጃ የያዙ የአሜሪካ የግል ኩባንያዎች ስድስት ብቻ እንደነበሩ ሲታሰብ፣ ማኅተሙ በአንዱ መስኮት በጭልፋ ሲሰጥ በሌላው በጎርፍ ይፈስ እንደነበር ግልጽ ይሆናል። በ2000 ድርጅቱ ከእነዚህ ውስብስብ ሰነዶች ያገኘው ገቢ 199 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን በ2006 ወደ 887 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ከጠቅላላ ገቢው 44 በመቶውን ይዟል።

በሥራ ክፍሉ ውስጥ ምን ይባል እንደነበርም በኋላ ለኮንግረስ ከቀረቡት የመልእክት ልውውጦች ይታወቃል። በስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ አንድ ተንታኝ የእያንዳንዱን ብድር ዝርዝር መረጃ እንዲሰጠው ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ፈጽሞ ምክንያታዊ እንዳልሆነና መረጃው ባይኖርም ግምቱን መስጠት እንዳለበት ከበላዩ ተነግሮታል። ሌላዋ ተንታኝ ደግሞ በ2007 ለባልደረባዋ በጻፈችው አጭር መልእክት፣ ሰነዱን ላሞች ቢያዘጋጁትም እንኳ ደረጃ እንሰጠው ነበር ብላለች። ከእነዚህ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው። የሁለተኛይቱ ምሬት ነው፤ የመጀመሪያው ግን አሠራር ነው፤ አገልግሎቱ የሚሸጠው ምርመራ ሆኖ ሳለ ምርመራው እንደ ትርፍ ወጪ ተቆጥሯል።

የዋጋ አረፋ እንዲነፋ ይህ አገልግሎት የተጫወተው ሚና ከተራ ቸልተኝነት ያልፋል። የቤት ዋጋ እየጨመረ በሄደ ቁጥር፣ መክፈል ያቃተው ተበዳሪ ቤቱን ሸጦ ወይም እንደገና ተበድሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ያልተከፈለ ብድር ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ ይመዘገባል። ያ ቁጥር ወደ ደረጃ ሰጪው ሞዴል ይገባና ሰነዱ አስተማማኝ ነው የሚል መልስ ያወጣል፤ መልሱ አዲስ ገንዘብ ይስባል፤ ገንዘቡም የቤት ዋጋን መልሶ ይገፋል። ሃይማን ሚንስኪ የተባለው ኢኮኖሚስት የረጋ ጊዜ ራሱ አደጋን ይፈለፍላል፣ በመጨረሻም ዕዳውን ከገቢው ሳይሆን ከንብረቱ ዋጋ መጨመር ብቻ ለመክፈል የሚያስብ ተበዳሪ ይበዛል ያለው ይኸንኑ ነው። አረፋው ሲፈነዳ ደግሞ ማሽኑ ወደ ኋላ ይዞራል። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ሦስቱም ድርጅቶች ኤአይጂ የተባለውን የመድን ኩባንያ ደረጃ ሲያወርዱ፣ የገባቸው ውሎች ተጨማሪ ዋስትና ወዲያው እንዲያስይዝ አስገደዱት፤ በማግስቱ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ 85 ቢሊዮን ዶላር ለማበደር ወሰነ። ከዚያ በፊትም ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ ለደቡብ ኮሪያ መንግሥት ሰጥቶት የነበረውን ዳብል ኤ ማይነስ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 1997 ባለው አጭር ጊዜ አሥር እርከን አውርዶ ቢ ፕላስ አድርጎታል። የአንድ አገር ኢኮኖሚ በሁለት ወር ይህን ያህል አይለወጥም፤ ወይ የመጀመሪያው ደረጃ ወይ የመጨረሻው የተሳሳተ ነበር፣ ምናልባትም ሁለቱም።

ከቀውሱ በኋላ ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ በ2015 በ1.375 ቢሊዮን ዶላር፣ ሙዲስም በ2017 በ864 ሚሊዮን ዶላር ከአሜሪካ መንግሥትና ከግዛቶች ጋር ተስማምተው ጉዳዩን ዘግተዋል። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚስበው በ2010 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ጁላይ የጸደቀው የዶድ ፍራንክ ሕግ፣ ደረጃቸው በሽያጭ ሰነድ ውስጥ ሲካተት ድርጅቶቹ እንደ ባለሙያ በሕግ ተጠያቂ እንዲሆኑ አደረገ። ድርጅቶቹ ወዲያውኑ ደረጃችን በሰነድ ውስጥ እንዳይጠቀስ አሉ፤ በቋት የተሰበሰቡ ብድሮችን ለሕዝብ ለማቅረብ ደግሞ ደረጃውን መጥቀስ ግዴታ ስለነበር ሽያጩ ቆመ። ሕጉ በተፈረመ ማግስት የሰነደ ሙዓለ ነዋዮች ኮሚሽኑ ለፎርድ የብድር ኩባንያ በጻፈው ደብዳቤ ያለ ደረጃ መሸጥ እንደሚቻል ፈቀደ፤ ለስድስት ወር የተባለው ፈቃድም በኋላ ያለ ገደብ ተራዘመ። ለራሱ ምርት ኃላፊነት ውሰድ ሲባል ምርቱን ከገበያ የሚያነሣ አቅራቢ በሌላ በየትኛውም መስክ ቢገኝ ደንበኛ የሚቀርለት አይመስለኝም። በሜይ 2010 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ64 ለ35 ድምፅ ያጸደቀው ሌላ ሐሳብም ነበር፤ ሻጩ መርማሪውን ራሱ እንዳይመርጥ፣ ገለልተኛ ቦርድ እንዲመድብለት የሚል። ይህ በመጨረሻው የሕጉ ቅጂ ወደ ጥናት ተለውጦ እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም።

የነፃ ገበያ ተሟጋቾች መፍትሔው ውድድር ነው ይላሉ። በዚህ አገልግሎት ውስጥ ግን ውድድር የሚሠራው በተገላቢጦሽ ነው፤ ከፋዩ የሚፈልገው ከፍተኛ ፊደል እስከሆነ ድረስ ከአንዱ ጨካኝ መርማሪ ወደ ሌላው ለጋስ መዞር ይችላል። የሙዲስ ትልቁ ባለአክሲዮን የነበረው ዋረን ቡፌት ለአጣሪ ኮሚሽኑ ሲያስረዳ፣ የገዛው ዘርፉ ዋጋ የመወሰን አስደናቂ አቅም ስላለው እንደሆነ ተናግሯል፤ በድርጅቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ ቢሮው የት እንደሆነም አላውቅም ብሏል። ካፒታሊዝምን የሚተቹ ወገኖች ከዚህ የሚያወጡት መደምደሚያ የከረረ ቢሆንም መሠረት የለውም አልልም፦ ባለቤትነት፣ ምርመራና ኃላፊነት በሦስት የተለያዩ እጆች ሲሆኑ ትርፉ ወደ አንደኛው ይሄዳል፣ ኪሳራው ግን ውሉ ላይ ስሙ ወደሌለው ግብር ከፋይ።

አማራጮቹም ቢሆኑ ሙሉ አይደሉም። ኤገን ጆንስ የተባለው ደረጃ ሰጪ ድርጅት እንደ ቀድሞው ከአንባቢዎች ክፍያ እየተቀበለ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን በ2013 ስለ ልምዱ ለሰነደ ሙዓለ ነዋዮች ኮሚሽኑ የተሳሳተ መረጃ በማቅረብ ተከስሶ በመንግሥታትና በተሰበሰቡ ብድሮች ላይ ደረጃ ከመስጠት ለ18 ወራት ታግዷል። ደረጃውን ትተን በብድር ዋስትና ገበያ ላይ፣ ማለትም ተበዳሪው ባይከፍል የሚያካክስ ውል በሚሸጥበት ገበያ ላይ፣ ያለውን ዋጋ እንመልከት የሚሉም አሉ፤ ያ ዋጋ በየቀኑ ስለሚለወጥ መጥፎ ዜናን ቀድሞ ማሳየቱ እውነት ነው። ነገር ግን በ2007 መጀመሪያ ላይ፣ ቀውሱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ለዋስትናው ይጠየቅ የነበረው ክፍያ እጅግ ዝቅተኛ ነበር።

በመሆኑም ለተራ ኩባንያ ቦንድ አገልግሎቱን ብጠቀም አይከፋኝም፤ ሪፖርቱን ከፊደሉ ጀምሮ ሳይሆን ደረጃውን ሊያወርዱ የሚችሉ ሁኔታዎች ከተዘረዘሩበት ክፍል ጀምሮ ማንበብ ይሻላል፤ ከአንድ ድርጅት በላይ ደረጃ ሰጥቶ ከሆነም ልዩነታቸውን መመልከት ያስፈልጋል። ከሌሎች ሰነዶች የተሠራ ሰነድ ሲቀርብ ግን፣ በውስጡ ያሉትን ብድሮች አንድ በአንድ ማየት ካልተቻለ፣ ትሪፕል ኤ የሚለው ጽሑፍ በራሱ ለመግዛት ምክንያት አይሆንም።