ከምሳ በኋላ፦ ሸለብታ ወይስ ቡና?

ኮምቦልቻ ላይ 8 ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ዐይን ይከድናል። ደሴ ብሆን ብርዱ ራሱ ይቀሰቅሰኝ ነበር።

ቡና ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል ይጠራቀማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን እሱ ነው። ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲኑ የሚያርፍበትን መቀበያ ይዘጋበታል። ግን ከጠጣን 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ሰውነታችን ውስጥ አለ። አመሻሽ ላይ እስከ በረካ የጠጣሁ ቀን ጣሪያ ላይ አፍጥጬ አነጋለሁ። በማግስቱ ደንበኛ ላይ እጮኻለሁ።

ሸለብታ አዴኖሲኑን ራሱን ይቀንሳል። 20 ደቂቃ ይበቃል። አንዴ ሱቄ ውስጥ ጆንያ ላይ ጋደም ብዬ አንድ ሰዓት ተኩል ተኛሁ። ስነቃ 100 ብር ለሰጠኝ ሰው የ200 መልስ ቆጠርኩለት! ከከባድ እንቅልፍ መሃል የነቃ አእምሮ ቶሎ አይሰበሰብም።

እኔ ሸለብታውን መርጫለሁ፣ አላርም ሞልቼ። የጠዋቷን አቦል ግን አልተዋትም።