ባለ 20 ሺህ ፓወር ባንክ፦ ፊቱ ላይ የተጻፈውና ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር

ፓወር ባንክ ሲነሳ አብዛኛው ገዢ የሚጠይቀው ባለ 20 ሺህ (20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት) የሚባለውን ነው። ሻጩ «ስልክህን አራት ጊዜ ይሞላልሃል ወንድሜ» ይላል፤ ካርቶኑም ይህንኑ በትልልቅ ፊደል ይደግማል። ቤት ገብቶ ሲሞከር ሁለት ጊዜ ይሞላና ሦስተኛው ላይ ያልቃል። ገዢው ተታለልኩ ብሎ ይናደዳል። ግን ባለ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ስልክን ሁለት ጊዜ ተኩል የሚሞላ ባለ 20 ሺህ፣ ጤነኛና ሐቀኛ ዕቃ ነው። ውሸቱ ያለው አራት ጊዜ በሚለው ማስታወቂያ ላይ ነው። በሌላ በኩል አንዴ እንኳ በቅጡ የማይሞላ፣ ግን ፊቱ ላይ ያው 20 ሺህ የተጻፈበት ዕቃም ከጎኑ ተደርድሮ ይሸጣል። ይህ ግምገማ ስለ አንድ ብራንድ አይደለም፤ ሁለቱን ዓይነት እንዴት መለየት እንደሚቻልና ጥሩውም ቢሆን የት የት ላይ እንደሚያስቸግር ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚባለው ውስጥ ያለው ባትሪ በራሱ ቮልቴጅ፣ በ3.7 ቮልት ሲለካ ነው። በዩኤስቢ በኩል የሚወጣው ግን በተለመደው 5 ቮልት ነው። በመሃል 3.7ቱን ወደ 5 የሚያሳድግ ትንሽ ሰርኪዩት አለ። ቮልቴጁ ሲያድግ አምፔሩ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሰርኪዩቱ ደግሞ ሲሠራ ስለሚሞቅ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ኃይል በሙቀት ይባክናል። ስለዚህ ሚሊ አምፔሩን ትቶ ቮልቴጁንም በሚቆጥረው መለኪያ፣ በዋት ሰዓት፣ ማስላት ይሻላል። 20 አምፔር ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይመጣል። 15 በመቶው ሲቀነስ 63 ገደማ ይቀራል። ስልኩም ሲሞላ በራሱ በኩል ትንሽ ስለሚያባክን ባትሪው ውስጥ የሚገባው 55 አካባቢ ነው። የባለ 5,000 ስልክ ባትሪ በ3.85 ቮልት ሲሰላ 19 ዋት ሰዓት ከምናምን ይይዛል። 55 ለዚያ ሲካፈል ሦስት እንኳ አይሞላም። ይህም ስልኩ ጠፍቶ ወይም ሳይነካ ሲሞላ ነው፤ ሆትስፖት ከፍቶ ወይም ቪዲዮ እያየ ለሚሞላ ሰው ከዚህም ያንሳል።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ዕቃውን ገልብጡት። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ሬትድ ካፓሲቲ» (Rated Capacity)፣ ማለትም በእርግጥ የሚወጣው መጠን፣ የሚል መስመር ይፈለጋል። ሐቀኛ አምራች ባለ 20 ሺህ ላይ ከ12,000 እስከ 13,000 የሚሆን ቁጥር በ5 ቮልት ብሎ ይጽፋል፤ አጠገቡም 74 ዋት ሰዓት ወይም ለዚያ የቀረበ ይኖራል። ይህን ትንሽ ቁጥር አይቶ «ጉድለት አለው» ብሎ የሚመልሰው ገዢ ብዙ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ዕቃውን የሚያስመሰግነው ይኸው መስመር ነው። ጀርባው ላይ ዋት ሰዓት ያልተጻፈበት፣ ወይም ሬትድ ካፓሲቲው ከፊቱ ጋር እኩል 20,000 የሆነ ዕቃ አይገዛ።

ቀጥሎ ሚዛን። 74 ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ብቻውን 300 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ሲሊንደር ቅርጽ ባላቸው ባትሪዎች ከተሠራ፣ እያንዳንዳቸው 2,600 ሚሊ አምፔር ሰዓትና 46 ግራም ገደማ የሆኑ ስምንት ፍሬዎች ያስፈልጋሉ፤ ይህ ብቻ 370 ግራም ይጠጋል። ሽፋኑና ሰርኪዩቱ ሲጨመር ሙሉው ዕቃ ከ330 እስከ 450 ግራም ይሆናል። ስለዚህ 200 ግራም የሚመዝን ባለ 20 ሺህ የሚባል ነገር የለም። ከጎን ካለ የቅመም ሱቅ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩ ቅር ቢለውም ቅር ይበለው። በኪስ የሚገቡት ባለ 50 ሺህ ተብዬዎችም በዚሁ ይጋለጣሉ፦ እውነት ቢሆኑ ባትሪያቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋ ነበር። ሚዛን ማለፍ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ክብደት እንዲሰጥ ውስጡ አሸዋ ወይም ብረት የተሞላ ዕቃ ተከፍቶ የታየበት ጊዜ አለ። ቀላል ከሆነ ውሸት ነው፤ ከባድ ከሆነ ደግሞ ገና ይፈተናል።

ፈተናው ዩኤስቢ ቴስተር በምትባል ትንሽ መለኪያ ነው፤ ብዙ የስልክ ጥገና ቤቶች አሏት። ፓወር ባንኩ እስኪሞላ ድረስ ቻርጅ ይደረጋል። ቴስተሯ ፓወር ባንኩና ገመዱ መካከል ትሰካለች፤ ቁጥሯ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያ ባዶ የሆኑ ስልኮችን አንድ በአንድ እየቀያየሩ ፓወር ባንኩ ራሱ እስኪጠፋ ማስሞላት ነው። መጨረሻ ላይ የሚነበበው ዋት ሰዓቱ ይሁን። ሚሊ አምፔሩን የሚያነብ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ስልኩ በፈጣን ቻርጅ 9 ቮልት እየወሰደ ከሆነ የሚሊ አምፔሩ ቁጥር ዝቅ ብሎ ጥሩውን ዕቃ መጥፎ ያስመስለዋል። ከ60 እስከ 66 ዋት ሰዓት ከመጣ ዕቃው ቃሉን ጠብቋል። ከ50 በታች ከሆነ ባትሪው ያረጀ ወይም መጀመሪያውኑ ያነሰ ነው። የመብራት ነጥቦቹን ግን አትመኑ፤ ብዙዎቹ የሚያሳዩት ቮልቴጁን እየገመቱ ስለሆነ ሦስት ነጥብ ላይ ረጅም ሰዓት ቆይተው ሁለቱ የመጨረሻ ነጥቦች በአንዴ የሚሮጡበት ጊዜ አለ።

አሁን ገዢው ከሁሉ በላይ ችላ ወደሚለው ነገር እንምጣ፦ ራሱ ፓወር ባንኩ በስንት ሰዓት ይሞላል? መብራት በሚሄድበት ሰፈር ከመጠኑ ይልቅ ይህ ይበልጣል። 74 ዋት ሰዓት ለመሙላት ከነብክነቱ 87 ያህል ያስፈልጋል። በአሮጌ የ5 ዋት ቻርጀር 17 ሰዓት ያልፋል። በ10 ዋት፣ ማለትም 5 ቮልት 2 አምፔር በሚለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። በ18 ዋት ግን አምስት ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል። መብራት ለአራት ሰዓት ብቻ መጥቶ ቢመለስ፣ በ10 ዋት የሚሞላው ከግማሽ በታች ሲደርስ በ18 ዋት የሚሞላው ከአራት አምስተኛ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ባለ 10 ዋት 20 ሺህና ባለ 18 ዋት 10 ሺህ ዕቃ ፊት ለፊት ቢቀመጡ፣ መብራቱ ለሚቆራረጥበት ቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። «ኢንፑት» (Input፣ ወደ ፓወር ባንኩ የሚገባው) የሚለው መስመር ላይ 9 ቮልት 2 አምፔር መኖሩን ማየት ነው። ቻርጀሩም ያንኑ መስጠት የሚችል፣ ፒዲ (PD) ወይም ኪውሲ (QC) የሚል የፈጣን ቻርጅ ምልክት የተጻፈበት መሆን አለበት፤ ካልሆነ ፓወር ባንኩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በ10 ዋት ይዘገያል። ሁለት መግቢያ ያለው ከሆነ ማይክሮ ዩኤስቢውን ትቶ ታይፕ ሲውን መጠቀም ነው፤ ፈጣኑ ብዙ ጊዜ በእሱ በኩል ነው።

ሁለት ስልክ አንድ ላይ ሲሰካ ፍጥነቱ መውረዱ ብልሽት አይደለም። አብዛኞቹ ሁለት ቀዳዳ ሲያዝ ፈጣን ቻርጁን ዘግተው ሁለቱንም በ5 ቮልት ያካፍላሉ። የሳምሰንግ ስልክ «ሱፐር ፋስት» እንዲል ፓወር ባንኩ ላይ ፒፒኤስ (PPS) የሚል የፈጣን ቻርጅ ምልክት መኖር አለበት፤ ገመዱም ከሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ መሆን አለበት።

ዋይፋይ ራውተርን በፓወር ባንክ ማሠራት ለብዙ ቤት ዋናው ጉዳይ ሆኗል፤ ቅሬታውም በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። የራውተሩ ቻርጀር ላይ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት 1 አምፔር ተጽፏል። ርካሹ መፍትሔ 5ን ወደ 12 ቮልት የሚያሳድግ ገመድ ነው። ችግሩ፣ ራውተሩ ብዙ ሰው ሲጠቀምበት የሚወስደው ኃይል ከፍ ሲል ገመዱ አቅም ያጣና ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ራውተሩም ጠፍቶ ይነሳል። ሰው ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብሎ ወደ አገልግሎት ሰጪው ይደውላል። የተሻለው መንገድ ፓወር ባንኩ ራሱ 12 ቮልት እንዲያወጣ የሚያዝዘው የፒዲ ገመድ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ፦ ፒዲ የሚል ሁሉ 12 ቮልት አያወጣም፤ 5፣ 9፣ 15 እያለ 12ን የሚዘል አለ። «አውትፑት» (Output፣ የሚወጣው) መስመር ላይ 12 ቮልት 1.5 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎ ካልታየ ገመዱ አይሠራም። የሶኬቱ ውፍረትም ይለካ፤ የተለመደው 5.5 በ2.1 ሚሊ ሜትር ነው። ራውተሩ 6 ዋት የሚወስድ ከሆነ ባለ 20 ሺህ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ያቆየዋል።

ሁለቱን በአንድ ላይ፣ ፓወር ባንኩን ግድግዳ ላይ ራውተሩን ፓወር ባንኩ ላይ ሰክቶ መተው ይቻላል ወይ? ብዙዎቹ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ለቅጽበት መውጫውን ያቋርጣሉ፤ ያቺ ቅጽበት ራውተሩን ለማጥፋት ትበቃለች፤ እስኪነሳ ደግሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ስብሰባ በመስመር ላይ ላለበት ሰው ይህ አይሆንም። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ሳያቋርጥ ኃይል የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ፣ መግዛት ይሻላል፤ ፓወር ባንኩን ለስልክ ተዉት።

የጆሮ ማዳመጫና የእጅ ሰዓት ሲሰካ ፓወር ባንኩ ከአፍታ በኋላ መጥፋቱም የተለመደ ነው። የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ስለሆነ ምንም ያልተሰካበት ይመስለዋል። በብዙዎቹ ላይ ቁልፉን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን ዝቅተኛ ኃይል የሚሰጥበትን ሁኔታ ይከፍተዋል፤ በመመሪያው ወረቀት ላይ አለ።

በሶላር የሚሞላው ዓይነት አይገዛ። ጀርባው ላይ ያለችው ሰሌዳ 1.5 ዋት ብትሰጥ ነው፤ በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ እንኳ ለመሙላት ከአሥር ቀን በላይ ይፈልጋል። ያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ ባትሪው ፀሐይ ላይ እየጋለ ነው፤ ሊቲየም ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ሲሞላ ዕድሜው ይቀጫል።

ጎኑ ያበጠ ፓወር ባንክ በምንም ሰበብ አይሰካ፤ አይወጋ፤ አይከፈት። ትራስ ሥር ወይም ፍራሽ ላይ ቻርጅ አይደረግ። ጥሩ ስም ያለው ብራንድም ከመታየት አያመልጥም፦ በጁን 2025 አንከር አሜሪካ ውስጥ የሸጣቸውን ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ፓወርኮር 10000 በእሳት አደጋ ምክንያት እንዲመለሱ ጠርቷል። የተሸጡት ከ2016 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ስለሆነ ዘመድ ከአሜሪካ ይዞላችሁ የመጣው ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ታቹ ላይ ሞዴሉ ኤ1263 (A1263) ከሆነ መጠቀም አቁሙ።

ለተጓዥ፦ ፓወር ባንክ በሻንጣ አይላክም፣ በእጅ ይያዛል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአጠቃላይ ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። ባለ 20 ሺህ በ74 ያልፋል፤ ባለ 30 ሺህ ግን 111 ስለሚሆን ክርክር ያመጣል። ኤምሬትስ ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ ከ100 ዋት ሰዓት በታች የሆነ አንድ ብቻ ይፈቅዳል፤ አውሮፕላን ውስጥ መጠቀምም ሆነ መሙላት ከልክሏል፣ መጠኑም ዕቃው ላይ መነበብ አለበት። ቻይና ደግሞ ከጁን 28 ቀን 2025 ወዲህ 3ሲ (3C) የሚል የአገሪቱ የደኅንነት ማረጋገጫ ምልክት የሌለውን በአገር ውስጥ በረራ አታሳፍርም። በዱባይ በኩል የምታልፉ ወይም ከጓንዡ ዕቃ የምታመጡ፣ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ከተፋቀ ፓወር ባንኩን ቤት ትታችሁት ሂዱ።