የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነት ሕክምና በድሬዳዋ፦ ስለ አንድ የከዚራ ክሊኒክ

የእህቴ ልጅ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ስለሆነ ከዚራ ወደሚገኝ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ ወሰድናት። ነርሷ የሕፃኗን ግንባር በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቅ በማድረግ የቆዳዋን ቀለም በመስኮቱ ብርሃን ካየች በኋላ፣ ቆዳንና ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን የተባለ ንጥረ ነገር ለመመርመር ከተረከዟ ጥቂት ደም ወሰደች።

ከሁሉ የሚመሰገነው የሐኪሙ ማብራሪያ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈራርሱ የሚፈጠረውን ቢሊሩቢን የጨቅላ ጉበት ገና በወጉ ማስወገድ ስለማይችል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚጀምር ቢጫነት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ከታየ፣ ወይም ሕፃኑ ከፈዘዘና መጥባት ካቃተው ግን አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል ለነገ የሚባል አይደለም። ሰማያዊው የፎቶቴራፒ (የብርሃን ሕክምና) መብራት ቢሊሩቢኑን በቀላሉ ከሰውነት ወደሚወጣ ቅርጽ ስለሚለውጠው፣ ሕፃኗ ዓይኗ ተሸፍኖ በዳይፐር ብቻ ከሥሩ ተኛች።

አያቷ «ዶክተር፣ ፀሐይ ብናሞቃት አይበቃም?» ሲሉ (የድሬን ፀሐይ ማን ይንቃል!) ፀሐይ ሕክምናውን እንደማይተካና ቆዳዋን ሊያቃጥል እንደሚችል በትዕግሥት አስረዷቸው።

ክፍሉ ግን ጠባብ ነው፤ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ማጥባት ያለባቸው እናቶች በቂ ወንበር አያገኙም፤ ዋጋውም አስቀድሞ አይነገርም።