የእጅ የጡት ወተት ማለቢያ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሠራተኛ እናቶች የቱ ይሻላል?
በሥራ ሕጉ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ሕፃኑ ግን የእናት ጡት ብቻ የሚያስፈልገው 6 ወር ነው። ማለቢያ የሚፈለገው ለዚህ ክፍተት ነው።

የጎማ ኳስ ያለውን ርካሹን ይለፉት። ወተት ኳሱ ውስጥ ይገባል፣ ውስጡም በደንብ አይታጠብም። ባለ እጀታው ክፍሎቹ ተፈታተው ይታጠባሉ። መሳቡ ከደከመ መጀመሪያ ትንሿን የሲሊኮን ቫልቭ (አየር የምትዘጋውን ለስላሳ ክዳን) ይዩ፤ ከተሰነጠቀች አየር ታስገባለች፤ ሲገዙ ትርፍ ይጠይቁ። የጡት ጫፍ ከሚገባበት ቱቦ ግድግዳ ጋር የሚፋተግ ከሆነ ልኩ ጠቧል። እጀታውን አጥብቆ መሳብ ያቆስላል እንጂ ወተት አይጨምርም።

የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። የኮምቦልቻ ቀትር ሲግል በቶሎ ፍሪጅ ይግባ። ሲሞቅም በሙቅ ውኃ ውስጥ እንጂ ምድጃ ላይ አይጣድ።